ምላጩን የምስለው እኔ ነበርኩ

አባቴ ያን ቀን ዝም ያለው ፈርቶ ነው ወይስ ጥሞት?

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ለራሴ እንዳቀረብኩት አላውቅም፤ መልስ ግን አላገኘሁለትም። ፈርቶ ነው ስል አንድ ነገር ትዝ ይለኝና ይፈርስብኛል። ጥሞት ነው እንዳልል ደግሞ አባቴ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ፣ ከልጆች ጋራ ተቀምጬ ስለሆነ፣ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጎ መጻፍ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

አባቴ በመተማ ገበያ ዳር፣ ከአንዲት ቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ራስና ጢም ይላጭ ነበር። ከጭልጋ በላይ ካለ አገር በወጣትነቱ የወረደ ደገኛ ነው። ከደጋ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ መሳያ ድንጋይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ውኃ ሲነካው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ድንጋይ ነው። ሌላው፣ ሸካራው፣ ከጓንግ ወንዝ የተለቀመ ቀይ ድንጋይ ሲሆን የደነዘ ምላጭ መጀመሪያ የሚመጣው ወደሱ ነው። ምላጩን ነጋዴዎች ከወዲያ ማዶ ከሱዳን ያመጡለት ነው፤ እጀታው ቀንድ፣ ሲታጠፍ ከመዳፍ የማይተርፍ።

አሳሳሉን ያስተማረኝ እሱ ነው። ድንጋዩ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣል። ምላጩ በጎኑ ይተኛል፤ ጀርባውም አፉም እኩል ድንጋዩን መንካት አለባቸው። በድንጋዩ ላይ አፉን አስቀድሞ ይሄዳል፤ ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ይገለበጥና ይመለሳል። ከድንጋዩ ቀጥሎ በሚለሰልስበት የቆዳ ጠፍር ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይዞራል፤ ጀርባው ቀድሞ አፉ ይከተላል፤ ያለዚያ ጠፍሩም ይቆረጣል፣ ስለቱም ይሞታል። «አትጫኚው» ይለኝ ነበር። «የራሱ ክብደት ይበቃዋል። አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው።» ድንጋዩ ራሱ ደግሞ ከመሳል ብዛት መካከሉ ይጎደጉዳል። የጎደጎደ ድንጋይ ቀጥ ያለ ስለት አይሰጥም። ስለዚህ በየጊዜው አሸዋ ነስንሶ በሌላ ድንጋይ እየፈተጉ ማስተካከል የግድ ነው፤ አባቴም ይህን ሳያደርግ ሳምንት አያሳልፍም ነበር።

ዓይኑ እንደደከመ ያወቅሁት በዚሁ ነው። ጣልያን በገባ ማግሥት ዓመት፣ አንድ ቀን ድንጋዩን ላነሣ ስል ጣቴ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። መካከሉ እንደ ምጣድ ሰርጉዷል። አባቴ ይህን ያህል ሳያስተካክለው ይቀራል ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። ምላጩን አውጥቼ ወደ ብርሃን ባዞረው አፉ ሞገድ ሠርቷል። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት፤ በጥቁሩ የዓይኑ ክፍል ላይ ሞራ እንደ ወተት ጠብታ ተቀምጧል።

«አባ፣ ይቺን እኔ ልሳላት?» አልኩት።

ፊቱን ከብርሃኑ መለሰ። «በሩን ዝጊው» አለኝ ከዚያ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ምላጩን የምስለው እኔ ሆንኩ። እናቴ በንዳድ ካለፈች ወዲህ ቤቱም የኔ ነበርና የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ነገሩ እንዳይታወቅ ጥብቅ አድርጎ አዘዘኝ። «ለቅዳሴ የሚሄድ፣ ሊቆርብ የተሰናዳ ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ነው የሚላጭ። ምላጩን ሴት ይዛዋለች ከተባለ ማን አንገቱን ይሰጠኛል? ዓይኔ ደክሟል ከተባለማ ጭራሽ።» ያኔ ነገሩ አላስከፋኝም። እንዲያውም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ገበያተኛው «ዘንድሮ ምላጭዎ በጀ፤ ሲነካኝ አልሰማሁትም» ሲለው የምወስድለትን ውኃ ይዤ ከዛፉ ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ፈገግ እላለሁ።

አሁን የአባቴ ዝምታ ወደ ጎዳው ሰው ልምጣ።

ሰውዬው ጎረቤታችን፣ ማሽላና ሰሊጥ አራሽ፣ ለጨዋታ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ ነበር። ሁለት አህዮች ነበሩት። ጣልያን ለጦር ሰፈሩ ከጓንግ ውኃ የሚያመላልስ እንስሳ ሲሰበስብ አህዮቹ ተነዱ፤ እሱም ተከትሏቸው ሄደ። አህያው ሲነዳ ቆሞ የሚያይ ገበሬ አላውቅም። ግን ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ወደ ሰፈሩ በር ሲገባና ሲወጣ ይታያል፤ ሰውም የአህዮቹን ነገር ረስቶ የበሩን ብቻ ማየት ጀመረ። «ውኃ አቀባይ» አሉት መጀመሪያ፣ በሳቅ። ቀጥሎ ባንዳ የሚለው ቃል በሹክሹክታ መጣ። ወንድሙ፣ አጎቱ፣ ልጁ ዱር ገብቶ ጣልያንን የሚወጋበት ሰው ብዙ ነበርና ይህ ቃል እንደዋዛ የሚጣል ቃል አልነበረም።

በዚያ መካከል የአንድ ጎረቤት ሕፃን አርባ ቀኑ ደረሰ። ወንድ ልጅ ነው። ሰውዬው ክርስትና አባት ሊሆነው ቃል የተገባው የአህዮቹ ነገር ከመምጣቱ አስቀድሞ ነበር፤ ቤተሰቦቹም ቢያመነቱ ቃላቸውን አላጠፉም። ይህ ክርስትና ለሱ ስሙ የሚታጠብበት ውኃ ነበር። ታቦት ፊት ቆሞ ሕፃን ተቀብሎ በአንገቱ ማተብ ያሰረን ሰው ማን ደፍሮ ባንዳ ይለዋል? ሚስቱ ጥሬ ስትቆላ፣ ጠላ ስትጠነስስ ሰነበተች።

በክርስትናው ዋዜማ ሊላጭ መጣ። እኔ የአባቴን ውኃ በቅል ይዤ ከዛፉ ጀርባ ነበርኩ። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሦስት ሰዎችና አጠገባችን ጨርቅ ዘርግቶ የሚሸጥ አንድ እስላም ነጋዴ ነበሩ።

«አያ፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ነኝ። እንደ ሕፃኑ አድርገው ይላጩኝ» አለና ተቀመጠ።

«እንደ ሕፃኑ ካልክማ ታለቅሳለህ» አለው አባቴ።

ሳቁ። ተራ ከሚጠብቁት አንዱ ሽማግሌ ግን ሳቁን አዞረው። «አንተ ውኃ አቀባይ፣ ለኛ ለወገኖችህስ መቼ ነው የምትቀዳልን?»

«አህዮቼን ያስፈቱልኝ እንጂ አባቴ፣ ዛሬውኑ እንስራዎን ሞልቼ ደጅዎ ላይ አስቀምጣለሁ!»

ሽማግሌው ምራቁን ወደ ጎን ተፋ።

አባቴ የሰውዬውን ራስ ጨርሶ ወደ ማጅራቱ ወረደ። ማተብ ያለበትን አንገት ሲላጭ ልማድ ነበረው፤ በግራ እጁ ትንሽ ጣት ክሩን ያነሣና ትከሻ ላይ ካለበሰው ጨርቅ ሥር ይሸጉጠዋል። ያን ቀንም ጣቱ ወደ አንገቱ ሄደ፤ ዳበሰ፤ አንዲት ክር አነሣ፤ ሸጎጠ። እኔ ከቆምኩበት አየሁ። ያነሣው ማተቡን አልነበረም፤ የእጀ ጠባቡን ማሰሪያ ነበር። ማተቡ በላብ ከቆዳው ጋራ ተጣብቆ ማጅራቱ ላይ እንዳለ አለ።

መጮኽ ነበረብኝ። «አባ፣ ክሩ!» ብል ይበቃ ነበር። ግን እንዲያ ብል ገበያው ሁሉ አባቴ እንደማያይ ሊያውቅ ነው። ያቺን ያህል አሰብኩ። ሳስብ ምላጩ ወረደ። ድምፅ እንኳ አላሰማም፤ በጠዋት እኔው ነኝ የሳልኩት፤ ክር ቀርቶ ጠፍርም የሚያስቆመው ምላጭ አልነበረም። ማተቡ ከነትንሿ መስቀሉ ተንሸራቶ ከሰውዬው ጭን ላይ ከጸጉሩ ጋራ ወደቀ።

ሰውዬው ወደ ጭኑ ተመለከተ። ከዚያ ዞሮ አባቴን አየው። «አያ?» አለ ብቻ።

«እሰይ!» ያለው ሽማግሌው ነበር። ብድግ ብሎ ቆመ። «እጅዎ ይባረክ! እኛ በአፋችን ያቃተንን አንቱ በምላጭ ጨረሱት! ማተብ የለሽ በማተብ ምን ይሠራል?»

«ሆን ብለው ነው!» አለ ሌላው። «አይ ወንድ! ሁሉ አይቶ ዝም ሲል እሳቸው ለዩት!»

ሰው ተሰበሰበ። አባቴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። የሚለው ነገር ነበረው። ሽማግሌው መጥቶ ትከሻውን ሳመው። አባቴ አፉን ዘጋና ምላጩን በመዳፉ ላይ ጠረገ።

ጨርቅ ሻጩ ብቻ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ከሸቀጡ ጥቁር ክር መዘዘና ለሰውዬው ዘረጋለት። «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ክር ነው፤ ይቋጠራል» አለው። «በክር ሰው አይፈረድበትም።»

«ይኸው! ማተቡንም እስላም ሊያስርለት ነው!» አለ አንዱ፤ ሳቁ ገበያውን ሞላው። ሰውዬው የነጋዴውን ክር አልተቀበለም። የራሱን ብጣሽ በጡጫው ጨብጦ ግማሽ ማጅራቱ ሳይላጭ ሄደ።

ጀምበር ሳትጠልቅ የሕፃኑ አባት ሰውዬው ቤት ደረሰ። ቤታችን ቅርብ ነው፤ ሰማሁ። «ቅር እንዳይልህ፤ እኔ ምንም አላልኩ፤ እናቲቱ ናት የፈራችው። ማተቡ የወደቀበት ሰው ልጄን አይዝም አለች፤ ምን ላድርጋት?» ከዚያ የሚስቱን ድምፅ ሰማሁ፤ ለቅሶ ነው ብዬ ነበር፤ ጠላውን ለማን እንደምታጠጣው እየጠየቀች ነበር።

አባቴ እቤት ሲገባ ፊቱን ወደኔ አላዞረም። እግሩን አጥቤው ሳበቃ «ምላጩ ጥሩ ነበር» አለኝ። ከሳልኩለት ቀን ጀምሮ አመስግኖኝ አያውቅም። እኔም ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ መካከል፣ ያ ቤት እንዲያ ተሰብሮ ሳለ፣ ደስ አለኝ። ከሁሉ አብልጦ ፊቴን የሚያቀላው ይህ ነው።

ፈርቶ ነው የሚለውን የሚያፈርስብኝ ነገር የመጣው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። ወሬው ጦር ሰፈሩ ደረሰ መሰል፣ አንድ አስካሪ፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ አለንጋውን በእጁ መታ መታ እያደረገ ወደ ዛፉ መጣ። «ውኃ የሚያመጣልንን ሰው አንገት የነካህ አንተ ነህ?» አለው። አባቴ ዘሎ ተነሣ። «ዓይኔ ነው ጌታዬ! ሞራ ገብቶበት ነው፤ ይኸው ይዩት! ክሩን ሳላየው ነው፤ ጠላትነት የለኝም!» ሲል ሰማሁት። አስካሪው ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አየና ሳቀ። ተቀመጠና ጢሙን ተላጨ። በዚያ ሰዓት አጠገባችን ሰው አልነበረም፤ ከኔ በቀር። እውነቱን ማውጣት ይችል ነበር ማለት ነው። ለራሱ ጀርባ ሲሆን አወጣው። ለሰውዬው ስም ሲሆን ግን ዋጠው።

ሰውዬው ራሱ አንድ ቀን ወደ ቤታችን መጣ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ድንጋዩን ውኃ አጠጥቼ ምላጩን ላስተኛው ስል ነው ድምፁን የሰማሁት። እጄን ገታሁ፤ የድንጋዩ ድምፅ እንዳይሰማ።

«አያ፣ ልቀመጥ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አይተው ነው?»

«እግዜር ያደረገውን እኔ ምን ልበል ልጄ» አለ አባቴ።

«እግዜርን አልጠየቅኩም፤ እርስዎን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የላጩኝ እርስዎ ነዎት። ሳላየው ነው ይበሉኝ። ለኔ ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ ይበሉልኝ። እጄ ስቶ ነው ይበሉ፤ ይቺን ብቻ።»

«ነገሩ ይበርዳል። ታገሥ።»

«ለርስዎ ይበርዳል» አለ ሰውዬው። እኔ ምላጩ በእጄ እንደተያዘ፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ውኃ እስኪደርቅ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ወጥቼ «እኔ አይቻለሁ፤ አባቴ አያዩም» ማለት የሚያስፈልገው መጋረጃ መግለጥ ብቻ ነበር።

ያ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሰውዬው ድንበር ተሻግሮ ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ ሄደ። አህዮቹን አልወሰደም፤ ሚስቱን ከልጆቿ ጋራ ትቶ ሄደ። «ይኸው፣ ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ይሸሻል?» አሉ። ለአባቴ ግን ማር በቅል፣ ቅቤ በቅጠል ይመጣለት ጀመር። ዱር ያሉ ሰዎች ዘመዶች ያመጡለት ነበር፤ ለደፋሩ ላጭ። ያን ማር እኔም በላሁ። ጥሩ ማር ነበር።

ጣልያን ከመተማ ሲወጣ የአባቴ ዓይን ጨርሶ ጠፍቶ ነበር፤ መላጨቱንም ትቷል። ሰው ለዚህም ምክንያት አላጣለትም። «ማተብ የቆረጠ ጊዜ ነው ጣልያን ዓይኑን ያጠፋው» ተባለ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ይህንኑ እያለች እጁን ስትስም፣ አባቴ ራሱን ወዘወዘ። እንደ አዎን ያለ፣ እንደ አይደለም ያለ መወዝወዝ ነው። እኔ ማድጋውን አንሥቼ ወጣሁ።

በዚያው ዓመት ሰሊጥ ሲደርስ የሰውዬው ሚስት የሚያጭድ ሰው አጥታ ነበር። ሰሊጥ አንዴ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፤ ቆባው ተከፍቶ ፍሬው ይረግፋል። ጎረቤት ለጎረቤት ወንፈል ሲገባ እሷ ዘንድ የሚገባ የለም፤ የባንዳ ሚስት ናታ። ለአባቴ ወደ ገበያ እወጣለሁ ብዬ ወደ እርሻዋ ሄድኩ። ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም። ማጭድ ሰጠችኝና ማጨድ ጀመርን፤ ያጨድነውን ነዶ ነዶ አስረን ጫፍ ለጫፍ አደጋግፈን አቆምነው። እንዲህ የቆመውን ክምር የቆላ ሰው ሂላ ይለዋል፤ እዚያው ይደርቃል።

ማጭዱ ደንዟል። ቆረጠ ሲሉት ይጎትታል፤ ሲጎትት ሰሊጡ ይራገፋል። እንዲህ ያለ ነገር እያየሁ ማለፍ አይሆንልኝም። ከወንዙ ዳር አንድ ለስላሳ ድንጋይ መርጬ፣ ውኃ አፍስሼ፣ ተቀምጬ መሳል ጀመርኩ። ሚስቱ እያጨደች ቆይታ ቀና አለች። እጄን ትመለከት ጀመር።

«ይህን ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ።»

«እንዲህ ያለ እጅ በአንድ ቀን አይመጣም።»

«የሳቸውን ምላጭ እኔ ነበርኩ የምስለው እትዬ።»

ማጭዷን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ጣልያን በገባ ማግሥት ዓመት።»

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

«እሳቸው ለምን አይስሉም?»

ይኸው ጊዜው መጣ። ማጭዱን ከድንጋዩ ላይ አነሣሁ። «አያዩም ነበራ» አልኳት። «ያኔም ሞራ ነበረባቸው። ጣታቸው ያነሣው የእጀ ጠባቡን ማሰሪያ ነው፤ ማተቡ መስሏቸው። እኔ ከዛፉ ጀርባ ቆሜ አይቻለሁ። ሆን ብለው አይደለም። ምልክትም አይደለም። አለማየት ነው።»

ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር። በማጭዱ ትመታኛለች ብዬም አስቤ ነበር፤ ብትመታኝ በወደድኩ። እሷ ግን የተፈታ ነዶ አንሥታ ደግማ አሰረችው፤ አጥብቃ።

«እሱ ነግሮኛል» አለችኝ ኋላ። «የሄደ ዕለት፣ አያ አያዩም መሰለኝ ብሎኛል። እውነቱን ሊናገር የማይፈልግን ሰው ምን ታደርጊዋለሽ አለኝ። ነጋዴ በመጣ ቁጥር ጨው ይልካል፣ ጨርቅ ይልካል። ና በሉት ስል፣ መተማ ገበያ ላይ በምን ፊቴ አልፋለሁ ይላል።»

«ይቅር በይኝ እትዬ።»

«እኔን ምን አድርገሽኛልና? እኔ አንድ ቀን ባንዳ ብዬው አላውቅ። ባንዳ ያለው ገበያው ነው። ለገበያው ንገሪው። ቅዳሜ ነጋዴዎቹ ከገዳሪፍ ይመጣሉ፤ ያኔ እሰይ ያሉት ሽማግሌም አይቀሩም። የሰሙትን ይዘው ይሻገራሉ፤ እሱም ይሰማዋል።»

«አባቴ ግን አሁንም በሕይወት አሉ እኮ» አልኳት።

«ባሌም አለ» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለውን ማጭድ በአውራ ጣቷ ዳሰስ አድርጋ ሞከረችውና የራሷን፣ የደነዘውን፣ ሰጠችኝ። «ቅዳሜ አብሬሽ እወጣለሁ» አለች። «አሁን ይህንንም ሳዪልኝ። ያቺ ማሳ ዛሬ ካልታጨደች ነገ መሬት ላይ ናት።»